ለፎቶግራፍ ትምህርት የመግቢያ ቃለ መጠይቅ እንዴት እንደ ተዘጋጀን
(በትምህርት ቤታችን 60ኛ ዓመት በዓል ላይ በፎቶግራፍ ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር)



ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን 60ኛ ዓመት በምናከብርበት በዛሬው ቀን በፊታችሁ ቆመን እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ደስታችን ታላቅ ነው። እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችና የፎቶግራፍ ክበብ አባሎች ስንሆን ቍጥራችን ስድስት ነው። ከስድስታችን አራቱ በዚህ ዓመት ፎቶግራፍን በዲግሪ ደረጃ ለመማር በውጭ አገር ለሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎች አመልክተዋል። የቀረነው ሁለታችን ሌላ ትምህርት የመረጥን ብንሆንም ዝግጅቱን ከጓደኞቻችን ጋራ አብረን አድርገናል። ስለዚህ የምንናገረው በአንድ አፍ ነው።

ይህን ንግግር የምናደርገው ዐዋቂዎች ነን ብለን አይደለም። በዝግጅታችን ጊዜ ያገኘነውን ትምህርት፣ ይልቁንም የሠራነውን ስሕተት፣ ከኋላችን ለሚመጡት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሳናስተላልፍ ከዚህ ግቢ ብንወጣ እንደ ንፉግ የሚያስቈጥረን ስለ ሆነ ነው።

በመጀመሪያ ወላጆቻችን ስለሚያነሡት ጥያቄ እንናገር። ከመካከላችን የአንዱ አባት ልጃቸው የመረጠውን ትምህርት በሰሙ ጊዜ፣ «ልጄ፣ ፎቶ ማንሣትም በዩኒቨርሲቲ ይማሩታል? ስልኩ ራሱ ያነሣ የለም እንዴ?» ብለው ጠየቁት። በጥያቄው አልተቀየምንም፤ ለልጁ እንጀራ የሚያስብ አባት ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ነውና። እኛም መልሱን ለማግኘት ብዙ ደከምን።

ፎቶግራፍ የሚለው ቃል ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው በብርሃን መጻፍ ማለት ነው። ፈረንሳዊው ኒየፕስ እ.ኤ.አ. በ1826 ወይም በ1827 ገደማ በመስኮቱ በኩል የሚታየውን ሰፈር በቆርቆሮ ላይ ሲቀርጽ ብርሃኑ ሥራውን የሚፈጽመው በብዙ ሰዓት ነበር። የአገሩ ሰው የዳጌር ዘዴ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1839 በፓሪስ ለሕዝብ ከተገለጸ በኋላ ግን ጥበቡ በዓለም ሁሉ ተሰራጨ። በአገራችንም በአዲስ አበባ የታወቀው የአርመናዊው የቤድሮስ ቦያጂያን ቤተ ሰብ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ስለ ነበረ ሙያው ከአባት ወደ ልጆች ተላልፏል። በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ የሚማሩት በጨለማ ክፍል ውስጥ ከባለ ሙያ አጠገብ ቆመው ነበር። ዛሬ ግን ዩኒቨርሲቲዎች የብርሃንንና የሌንስን ጠባይ፣ የፎቶግራፍን ታሪክ፣ የኅትመትን ሥራ፣ ሥዕልን ማንበብን፣ የሙያውን ሕግና ግብረ ገብ አንድ ላይ ያስተምራሉ። ስልክ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ነገር ግን ለምን እንደሚያነሣ አያውቅም። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት እንዲህ ላለው ጕዳይ ነው።

ደግሞም በዚህ መንገድ የሄዱ ኢትዮጵያውያን አሉ። ወይዘሮ አይዳ ሙሉነህ በአሜሪካ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ትምህርት ተምረው በዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ በፎቶግራፍ አንሺነት ከሠሩ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶግራፍ በዓል መሥርተዋል። አቶ ሚካኤል ጸጋዬ ደግሞ በ1950 ዓ.ም. በአለ ፈለገ ሰላም በተመሠረተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥዕል ተምረው ከተመረቁ በኋላ የዘይት ቀለም ለሰውነታቸው ስላልተስማማ ብሩሹን ትተው ካሜራ ያዙ። የተማሩት የሥዕል ዕውቀት በከንቱ አልቀረም፤ ወደ ፎቶግራፋቸው ገባ እንጂ። አቶ ሙሉጌታ አየነም እ.ኤ.አ. በ2019 በደረሰው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን አደጋ ስፍራ ያነሧቸው ፎቶግራፎች በ2020 በወርልድ ፕሬስ ፎቶ ውድድር በዘርፋቸው አንደኛ ሽልማት አግኝተዋል። ይህን የምንጠቅሰው ሁላችንም እንደ እነርሱ እንሆናለን ለማለት አይደለም፤ መንገዱ መኖሩን ወላጆቻችን እንዲያውቁልን ነው።

አሁን ወደ ቃለ መጠይቁ እንመለስ።

ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች አመልካቹን የሚመለከቱት በሦስት ነገር ነው። አንደኛው የጽሑፍ ማመልከቻው፣ ሁለተኛው ፖርትፎሊዮ የሚባለው የሥራው ስብስብ፣ ሦስተኛው ቃለ መጠይቁ ነው። ለምሳሌ በብሪታንያ ማመልከቻው የሚላከው ዩካስ በሚባለው ድርጅት በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2026 ከሚገቡት ተማሪዎች ጀምሮ አመልካቹ ስለ ራሱ የሚጽፈው በሦስት ጥያቄዎች ተከፍሏል፤ ትምህርቱን ለምን እንደ መረጠ፣ የቀድሞ ትምህርቱ እንዴት እንዳዘጋጀው፣ ከትምህርት ቤት ውጭ ምን እንዳደረገ። የሦስቱም መልስ በአንድነት ከ4,000 ፊደል አይበልጥም፤ በቃላት መካከል ያለው ባዶ ቦታም ይቈጠራል። ስለዚህ ማስጌጫ ቃል የሚጨምር ሰው ዋናውን ነገር ለመጻፍ ቦታ ያጣል።

የሥራ ስብስቡ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 የሚደርሱ ፎቶግራፎችን ይይዛል። ይህ ቍጥር በሰማነው ጊዜ ያነሰ መሰለን፤ በምንመርጥበት ጊዜ ግን በዛብን። ክበባችን በሁለት ዓመት ውስጥ ያነሣቸው ፎቶግራፎች በሺህ የሚቈጠሩ ሲሆኑ እያንዳንዱ ሰው የራሱን 15 ሲመርጥ ብዙ ጭቅጭቅና ጥቂትም እንባ ነበረ። በመጨረሻ ያገኘነው ዘዴ ይህ ነው። ፎቶግራፎቹን በርካሽ ወረቀት በትንንሹ አሳትመን በቤተ መጻሕፍቱ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ዘረጋናቸው። ከዚያ ባለቤቱ ዝም ብሎ እንዲቆም አድርገን የቀረነው የምናየውን ተናገርን። ባለቤቱ ሊያሳይ ያሰበውን ማንም ያላየበት ፎቶግራፍ ወጣ። አንድ ዓይነት ነገር የሚናገሩ ሁለት ፎቶግራፎች ካሉ አንዱ ወጣ። ቆንጆ ነው ከማለት በቀር የሚባልለት ነገር የሌለውም ወጣ።

ከዚህ ሥራ በኋላ ጥያቄዎቹን ተለማመድን። ከእኛ በፊት ያመለከቱ ተማሪዎች እንደ ነገሩን ጠያቂዎቹ ስለ ካሜራው ዋጋ አይጠይቁም። የሚጠይቁት፣ ይህን ፎቶግራፍ ለምን አነሣህ? ከዚህ በፊትና ከዚህ በኋላ ምን አነሣህ? ሥራውን የምትወድለት ፎቶግራፍ አንሺ ማን ነው? ስለ ምን? ያልተሳካልህ ሥራ የትኛው ነው? እንደ ገና ብትሠራው ምን ትለውጣለህ? የሚሉትን ነው።

የቴክኒክ ጥያቄም አልፎ አልፎ ይመጣል። ስለዚህ የሌንሱ ቀዳዳ ከ2.8 ወደ 4 ሲጠብ የሚገባው ብርሃን በግማሽ እንደሚቀንስ፣ መዝጊያው ከሰከንድ 125ኛ ወደ 250ኛ ሲፈጥንም እንዲሁ በግማሽ እንደሚቀንስ፣ ቀዳዳው ሲሰፋ ከሰውየው በስተኋላ ያለው ነገር እንደሚደበዝዝ ማወቅ ያስፈልጋል። ነገር ግን ዕውቀቱ ከፎቶግራፉ ጋራ ሲያያዝ ነው ዋጋ ያለው። ከመካከላችን አንዷ እናቷ እንጀራ ሲጋግሩ ባነሣችው ፎቶግራፍ ላይ የእንፋሎቱ መልክ እንዲታይ በበሩ በኩል የሚገባውን የጧት ብርሃን ሦስት ቀን ጠብቃለች። በ2 ሰዓት ብርሃኑ ምጣዱ ላይ ያርፋል፤ በ3 ሰዓት ያልፋል። ይህን ስትናገር ከመጽሐፍ የሸመደደችው ሳይሆን የኖረችበት መሆኑን ማንም ያውቃል።

አሁን የምንናገረው ነገር ለመናገር የሚያሳፍረን ነው። ቢሆንም ንግግራችንን ለማድረግ ያነሣሣን እርሱ ነው።

በስብስቦቻችን ሁሉ ውስጥ የበለጠው ፎቶግራፍ አንድ ጓደኛችን በእንጦጦ መንገድ ላይ ያነሣው ነበር። አንዲት እናት ከራሳቸው በላይ የሚረዝም የእንጨት ሸክም በጀርባቸው ተሸክመው፣ ወገባቸው እስከ ጕልበታቸው ጐንብሶ፣ በማለዳ ጉም ውስጥ ቍልቍለቱን ሲወርዱ ያሳያል። በትምህርት ቤታችን ኮሪደር ላይ ሁለት ወር ተሰቅሎ ብዙዎቻችሁ አድንቃችሁታል። እኛም የጓደኛችንን የመግቢያ ዕድል በዚህ ፎቶግራፍ ላይ ጥለን ነበር።

ማመልከቻው ሊዘጋ አንድ ወር ሲቀረው መምህራኖቻችን እንደ ጠያቂ ሆነው እንዲፈትኑን ለመንናቸው። የታሪክ መምህራችን፣ የእንግሊዝኛ መምህራችንና የአማርኛ መምህራችን ከትምህርት ሰዓት በኋላ በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ጓደኛችን ስለ ጉሙና ስለ ብርሃኑ፣ ስለ ሸክሙም ቅርጽ በጥሩ እንግሊዝኛ ተናገረ። ሁላችን ረካን። ከዚያ የአማርኛ መምህራችን መነጽራቸውን አውልቀው፣

«እኚህ ሴት ማን ናቸው?» አሉት።

«እንጨት ተሸካሚ ናቸው» አለ።

«እንጨት መሸከማቸውንማ እኔም አያለሁ። ማን ናቸው ነው የምልህ።»

ጓደኛችን ዝም አለ። እኛም ዝም አልን። ስማቸውን ቀርቶ ፎቶግራፍ መነሣታቸውን እንኳ ያውቁ እንደ ሆነ የሚነግረን አልነበረም። ያነሣው ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ነበርና።

በማግሥቱ የታሪክ መምህራችን ስለ ዶሮቲያ ላንግ ነገሩን። ይህች አሜሪካዊት ፎቶግራፍ አንሺ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1936 በካሊፎርኒያ አተር ለቃሚዎች በሰፈሩበት ቦታ አንዲት ችግረኛ እናት ከልጆቿ ጋራ አነሣች። ፎቶግራፉ በዓለም ከታወቁት ሥራዎች አንዱ ሆነ፤ በጋዜጣም ከወጣ በኋላ ለሰፈሩ የምግብ እርዳታ ተላከ። ላንግ ግን ኋላ እንደ ተናገረችው የሴትዮዋን ስም አልጠየቀችም። ዕድሜዋ 32 ዓመት መሆኑን ብቻ ነበር የሰማችው። ፍሎረንስ ኦወንስ ቶምሰን መባሏ የታወቀው ከ42 ዓመት በኋላ በ1978 ነው። እርሷም በዚያን ጊዜ ከፎቶግራፉ አንዳች ጥቅም እንዳላገኘችና ባልተነሣ ይሻላት እንደ ነበረ ተናገረች። ላንግ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ሥራዋም ብዙ ተርቦ የነበረ ሕዝብ እንዲታይ አድርጓል። ሆኖም የሁለቱም ነገር እውነት ነው። «እናንተ እስከ ስንት ዓመት ትቈያላችሁ?» አሉን መምህራችን።

እኛም ሴትዮዋን ፍለጋ ሄድን። ሁለት ቅዳሜ ሳናገኛቸው ተመለስን። በሦስተኛው ቅዳሜ ሸክማቸውን ድንጋይ ላይ አስደግፈው ሲያርፉ አገኘናቸው። ሰላምታ ሰጥተን ፎቶግራፉን አሳየናቸው። ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያ እንዲህ አሉን።

«ልጆቼ፣ እኔ በዚህ መንገድ ስወርድ ማንም አይየኝ እያልሁ ነው የምወርደው። ልጄ እንደ እናንተ ተማሪ ናት። ጓደኞቿ በዚህ መልኬ እንዲያዩኝ አልፈልግም።»

ጓደኛችን ይቅርታ ጠየቃቸው። እሳቸውም አልተቈጡም። «ልታነሡኝ ከወደዳችሁ እሑድ ቤቴ ኑ» ብለው ሸክማቸውን አንሥተው ሄዱ።

በመመለሻችን መንገድ ላይ በመካከላችን ክርክር ተነሣ። አንዱ፣ መንገድ የሁሉ ነው፤ ማንም በመንገድ ላይ ያየውን ማንሣት ይችላል አለ። ሌላው፣ ማመልከቻው ሊዘጋ የቀሩት ቀኖች ጥቂት ናቸው፤ ዩኒቨርሲቲው ባሕር ማዶ ነው፤ ልጃቸው በምን ታያለች አለ። አንዷ ደግሞ፣ ፎቶግራፉ የእኛ ክብር የሚሆነው በሳቸው ኀፍረት ከሆነ የሚያኰራ ነገር የለውም አለች። ባለቤቱ ጓደኛችን እስከ ሽሮ ሜዳ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረም። ሰኞ ጧት ግን ወደ ትምህርት ቤት የመጣነው ፎቶግራፉ ከኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ወርዶ ነው። ብዙዎቻችሁ የት ገባ ብላችሁ ጠይቃችሁን ነበር። መልሱ ይኸው ነው።

እሑድ ቤታቸው ሄድን። ነጭ ነጠላ ለብሰው፣ ቡና አፍልተው ጠበቁን። ስማቸውንና የትውልድ አገራቸውን፣ ይህን ሥራ ለምን እንደ ጀመሩና በአንድ ሸክም ምን እንደሚገዙ ነገሩን። ስማቸውን በዚህ መጽሔት እንዳንጽፈው ስለ ጠየቁን አንጽፈውም፤ እኛ ግን እናውቀዋለን። ጓደኛችን በቤታቸው በር ላይ፣ ወገባቸውን አቅንተው፣ እጃቸውን በልጃቸው ትከሻ ላይ አድርገው ሳሉ አነሣቸው። የፊተኛውንም ፎቶግራፍ በፊታቸው አጠፋነው። አዲሱ ፎቶግራፍ ጉም የለበትም፤ ብርሃኑም የእኩለ ቀን ስለ ነበረ ጠንካራ ነው። በዐይን ብቻ ለሚፈርድ ሰው የፊተኛው ይበልጣል። ይህን አንክድም።

ቃለ መጠይቁ በኢንተርኔት በተደረገ ጊዜ ጠያቂዋ ከ15ቱ ፎቶግራፎች መካከል ይህንኑ መርጠው ስለ እርሱ እንዲናገር ጠየቁት። እርሱም የተዘጋጀበትን ወረቀት ትቶ ነገሩን ሁሉ፣ ያጠፋውንም ፎቶግራፍ ጨምሮ፣ እንደ ነበረ ተናገረ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ዩኒቨርሲቲው መቀበሉን የሚገልጽ ደብዳቤ መጣለት። የተቀበሉት በዚህ ምክንያት ነው ብለን አንመሰክርም፤ ምክንያቱን የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። የክፍያውም ጕዳይ ገና አላለቀም። ከአራቱ አመልካቾች ሌላዋ ቃለ መጠይቁን አድርጋ ሳትቀበል ቀርታለች፤ ሁለቱ ውጤታቸውን በመጠባበቅ ላይ ናቸው። ያልተቀበሏት እኅታችን ዛሬ ከእኛ ጋራ ቆማለች። በሚመጣው ዓመት እንደ ገና ታመለክታለች።

የተወደዳችሁ ታናናሾቻችን፤ ከዚህ ሁሉ የምንመክራችሁን ባጭሩ እንናገር። ዝግጅታችሁን ከ11ኛ ክፍል ጀምሩ፤ የሥራ ስብስብ በአንድ ወር አይሠራም። ካሜራ የለኝም ብላችሁ አትቅሩ፤ ከእኛ መካከል ሁለቱ በስልክ ብቻ ነው የሠሩት። ስለምታነሡት ነገር ሁሉ ቀኑን፣ ቦታውንና የሰውየውን ስም በደብተር ጻፉ። ሰውን ከማንሣታችሁ በፊት፣ ባይመች እንኳ ካነሣችሁ በኋላ ጠይቁ፤ ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለምን? የሌሎችን ሥራ ተመልከቱ፤ የወደዳችሁትንም ለምን እንደ ወደዳችሁት በሁለት ዐረፍተ ነገር መናገርን ተለማመዱ። በቃለ መጠይቁ ቀን የማታውቁትን አላውቅም በሉ። ኢንተርኔቱ ቢቋረጥ እንዳትደነግጡ አስቀድማችሁ ሌላ መስመር አዘጋጁ፤ ፎቶግራፎቻችሁንም ቀደም ብላችሁ ላኩ።

የተከበራችሁ ወላጆች፤ ልጃችሁ ዩኒቨርሲቲ ተቀበለኝ ሲላችሁ ክፍያው ተገኘ ማለት እንዳልሆነ እናውቃለን። ስለዚህ ስለ ክፍያው፣ ስለ ነጻ የትምህርት ዕድል፣ ስለ እንግሊዝኛ ፈተናና ስለ ቪዛ ማመልከቻው ከመላኩ በፊት ከልጃችሁ ጋራ አብራችሁ ጠይቁ። ሐሳቡ ካልተስማማችሁም ፎቶግራፎቹን አይታችሁ ንገሩን እንጂ ሳታዩ አትከልክሉን። በመጀመሪያ የጠቀስናቸው አባት ልጃቸው 15ቱን ፎቶግራፎች ባሳያቸው ጊዜ ዝም ብለው ካዩ በኋላ፣ «የሴትየዋን ልጅ ትምህርት እንዴት ነው?» ብለው ነበር የጠየቁት። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ስልክ አንሥተውብን አያውቁም።

የተከበራችሁ መምህራኖቻችን፤ ብዙ ትምህርት ሰጥታችሁናል። ይሁን እንጂ ከሁሉ አብልጠን የምንይዘው ያችን አጭር ጥያቄ ነው። ወደየትኛውም አገር ብንሄድ፣ ከየትኛውም ጠያቂ ፊት ብንቀርብ፣ በሥዕላችን ውስጥ ስላለው ሰው ማን ነው ብለን አስቀድመን ራሳችንን እንጠይቃለን።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይባርክልን፤ ለሚመጣው በዓል በደኅና ያድርሰን።